ኪርፓን የታጠቀ ተማሪ ትምህርት ቤት ሲመጣ

የምሠራው ካናዳ ውስጥ፣ አዲስ የመጡ ቤተሰቦችን ከትምህርት ቤት ጋር በማገናኘት ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ደጋግሞ ከሚገጥመኝ ነገር አንዱ ከሕንድ የመጣው የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ልጆች ጉዳይ ነው፤ ሃይማኖታቸው የሚያዝዛቸውን ኪርፓን የተባለ ትንሽ ጩቤ ታጥቀው ክፍል ሲገቡ የሚነሳው ጭንቅ። ለሐበሻ አንባቢ የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። በቶሮንቶና በብራምፕተን፣ በካልጋሪና በኤድመንተን፣ ድንበሩን ተሻግሮም በሲያትል ዙሪያ እኛና ሲኮች ጎረቤት ነን። ከኛ መሃል የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳ፣ በር ላይ ጥበቃ የሚቆም፣ ክፍል ውስጥ ረዳት የሆነ ብዙ ሰው አለ። ከልጁ ሸሚዝ ሥር ብቅ ያለውን ማንገቻ ቀድሞ የሚያየው ከኛ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩን የሚያበርደውም የሚያባብሰውም በዚያች ደቂቃ የሚደረገው ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ኪርፓን ምን እንደሆነ ልጀምር። በ1699 አሥረኛው ጉሩ፣ ማለት የሲኮች የሃይማኖት መሪ፣ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ፣ አናንድፑር በተባለች የፑንጃብ ከተማ ኻልሳ የሚባለውን የአማኞች ማኅበር መሠረቱ። አምሪት የተባለውን ሥርዓት ተቀብሎ ወደ ኻልሳ ከገባ ሲክ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አምስት ነገሮች አይለዩም፦ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ በተለየ መልክ የተሰፋ የውስጥ ሱሪና ኪርፓን። ሲክ ሁሉ ኪርፓን አይታጠቅም፤ ጥምጥም ያሰረ ሁሉም እንዲሁ። አምሪት የተቀበለ ግን ሲተኛም ሲታጠብም ከራሱ አያርቀውም። ስለዚህ «ለትምህርት ሰዓት ብቻ ቤት ይተወው» የሚል ምክር ለሰጪው ቀላል ቢመስልም ለልጁ ቃል ኪዳኑን አፍርስ እንደማለት ነው። ማተብ ላሰረ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ «ማተቡን በጠሰ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለንና።

ሆኖም የሲኮች የሥነ ምግባር ደንብ ኪርፓኑ ይህን ያህል ይርዘም ብሎ አልወሰነም። ለመስማማት የሚተርፈው ቦታ ይኸው ነው። በዚህ ሥራ ካየሁት ሁሉ የምመሰክረው፣ «ይያዝ ወይስ አይያዝ?» ተብሎ የተጀመረ ስብሰባ ወደ ጠበቃ እንደሚሄድ፣ «እንዴት ታስሮ ይያዝ?» ተብሎ የተጀመረ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ገጽ ወረቀት እንደሚያልቅ ነው።

የሞንትሪያሉ ጉዳይ ይህን ከማንም በላይ ያሳያል፤ በካናዳ ያላችሁ ወላጆችም ሆናችሁ ሠራተኞች ብታውቁት ይጠቅማችኋል። በኖቬምበር 2001 የአንድ ሲክ ልጅ ኪርፓን በትምህርት ቤቱ ግቢ ሳይታሰብ ከልብሱ ወደቀ። በዲሴምበር የትምህርት ቦርዱ፣ ኪርፓኑ ልብስ ውስጥ ታሽጎ እንዲያዝ በጽሑፍ ሐሳብ አቀረበ፤ ወላጆቹም ልጁም እሺ አሉ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ የአስተዳደር ጉባኤ «ደንባችን መሣሪያ ይከለክላል» ብሎ ሐሳቡን ጣለው፤ የቦርዱ ኮሚሽነሮችም ይህንኑ አጸኑ። ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ሄደ። በሜይ 2002 የኩቤክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለልጁ ፈረደለት፣ በ2004 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ገለበጠው፣ በማርች 2፣ 2006 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላው የሃይማኖት ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው። በመካከሉ ልጁ መንግሥት ትምህርት ቤቱን ትቶ ወደ ግል ትምህርት ቤት ገብቷል። ድሉ የመጣው የልጅነቱ የትምህርት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው፤ «ፍርድ ቤት እናሸንፋለን» ለሚሉ ወላጆች ሁልጊዜ የማስታውሳቸው ይህንን ነው። አራት ዓመት የፈጀው ክርክር ያበቃው የትምህርት ቦርዱ በዲሴምበር 2001 ካቀረበው ሐሳብ ብዙም በማይርቅ መፍትሔ ነበር።

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምክንያት ለስብሰባ ጠረጴዛም ይሆናል። ትምህርት ቤት ፍጹም ከአደጋ ነፃ የሆነ ቦታ አይደለም፤ የሚጠበቅበት ተገቢ የሆነ የደኅንነት ደረጃ ነው አለ። መቀስም፣ እርሳስም፣ የቤዝቦል ዱላም በየክፍሉና በየሜዳው አሉ፤ ተማሪ በቀላሉ ያገኛቸዋል። በጨርቅ የተሰፋ ኪርፓንን ግን አንድ ልጅ ለማውጣት ቢፈልግ መጀመሪያ ሌላውን ልጅ ይዞ፣ ልብስ ገልጦ፣ ስፌት ቀዶ ነው። ሲኮች በካናዳ ትምህርት ቤቶች በተማሩባቸው መቶ ዓመታት በኪርፓን የደረሰ አንድም የኃይል ጥቃት እንዳልቀረበለትም መዝግቧል።

አሁን ወደ ተግባሩ። የመጀመሪያው ጉዳይ ጊዜ ነው። ብዙ ልጆች አምሪት የሚቀበሉት ቫይሳኪ በተባለው የሲኮች በዓል፣ በኤፕሪል አጋማሽ፣ የትምህርት ዓመቱ ሳያልቅ ነው። ቤተሰቡ ከሥርዓቱ በኋላ ልጁን ሰኞ ዝም ብሎ ከላከ፣ ትምህርት ቤቱ ስለ ኪርፓኑ የሚሰማው ከሌላ ልጅ አፍ ነው፤ «ጩቤ ይዟል!» ተብሎ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመሣሪያ ደንብ ነው፣ እገዳ ነው፣ አንዳንዴም ፖሊስ። ስለዚህ ከሥርዓቱ ሳምንታት ቀድሞ ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ይጻፍ። ለክፍል አስተማሪው በቃል መንገር አይበቃም፤ አስተማሪው ቢፈቅድም የመፍቀድ ሥልጣን የለውም። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፦ ልጁ ማን ነው፣ መቼ አምሪት ይቀበላል፣ ኪርፓን በሃይማኖቱ ምን ቦታ አለው፣ ርዝመቱ ስንት ነው፣ እንዴት ይሰፋል፣ መቼ ተገናኝተን እንነጋገር። ከጉርድዋራ፣ ማለት ከሲኮች የጸሎት ቤት፣ አጭር የድጋፍ ደብዳቤ ቢያያዝ መልካም ነው። ርዝመቱን በግምት አትጻፉ፤ በማስመሪያ ለኩት። «ትንሽ ነው» ብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ቀርቦ ኪርፓኑ ሲታይ ከተጠበቀው በላይ ከረዘመ፣ የተቀረውም ቃል ሁሉ ይጠረጠራል።

ስንት ይሁን ለሚል፣ አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያ ሊቪንግስተን ከተማ የተነሳው የቺማ ቤተሰብ ጉዳይ ጥሩ መለኪያ ነው። ይግባኝ ሰሚው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1995 ያጸናው ትእዛዝ የደነዘ ስለት፣ ስለቱ ከ3 እስከ 3 ተኩል ኢንች፣ ከአፎቱ ጋር ጠቅላላ ርዝመቱ ከ6 ተኩል እስከ 7 ኢንች፣ ማለትም 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከአፎቱ ጋር ጠብቆ የተሰፋ፣ ከልብስ ሥር በጨርቅ ማንገቻ የታጠቀ ይላል። ትምህርት ቤቱ የመደበው ሰው በአግባቡ ሊፈትሽ ይችላል። በዚያው ትእዛዝ ትምህርት ቤቱም ግዴታ ገብቷል፤ ልጆቹን ማንም እንዳያዋክብ፣ እንዳያስፈራራ፣ እንዳይተነኩስ አስፈላጊውን እርምጃ ይወስዳል። ይህን የመጨረሻውን ቤተሰቦች መጠየቅ ይረሳሉ፤ እባካችሁ አትርሱት።

ቀጥሎ ስፌቱ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከስፌት ነው። በሞንትሪያሉ ጉዳይ የኩቤክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2002 በሰጠው ውሳኔ አፎቱ የብረት ሳይሆን የእንጨት ይሁን ተብሏል። ኪርፓኑ አፎቱ ውስጥ እንደገባ በጠንካራ ጨርቅ ከረጢት ይጠቀለላል፤ ሸራ ወይም ወፍራም ጅንስ ይሆናል። ከረጢቱ አራቱም ጎኑ ይሰፋል፤ ቁልፍ፣ ዚፕ ወይም ተጣባቂ ማሰሪያ አይደረግበትም። ከዚያ ከረጢቱ ራሱ ከማንገቻው፣ ጋትራ ከሚሉት ጋር ይሰፋል። ማንገቻው በቀኝ ትከሻ ላይ ያልፍና ኪርፓኑ በግራ ጎን ይውላል፣ ሁሉም ከሸሚዝ ሥር።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ክሩ። ተራ የጥጥ ክር በላብና በእጥበት ይሳሳል፤ የናይለን ወይም የፖሊስተር ወፍራም ክር ተጠቀሙ፣ ሁለት ጊዜ ደራርባችሁ ስፉ። ሁለተኛ፣ የመያዣው በኩል። ሰው ስለቱን ያስባል እንጂ መያዣውን ይረሳል፤ መያዣው ከከረጢቱ ከወጣ ሌላ ልጅ ጨብጦ ሊስበው ይችላል፣ ስፌቱም ቀስ በቀስ ይላላል። ሙሉው ከረጢት ውስጥ ይግባ። ሦስተኛ፣ ልጁ ያድጋል። ማንገቻው ሲያጥር ኪርፓኑ ከጎን ወደ ብብት ይወጣል፣ እጁን ሲዘረጋ ይታያል። አራተኛ፣ ልብሱ። ስስ ነጭ ሸሚዝ ማንገቻውን ያሳያል፤ ከሥሩ ካናቴራ ይደረግ። እሑድ ማታ እናት ወይም አባት ስፌቱን በጣት ዳስሶ ሰኞ መላክ ቢለመድ፣ ስፌት በትምህርት ቀን መሃል አይለቅም።

ወደ ስብሰባው ሲኬድ ኪርፓኑ አስቀድሞ ተሰፍቶ ይሂድ። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ካየኋቸው ስህተቶች ሁሉ የከፋው፣ አባት «አደገኛ እንዳልሆነ ላሳያችሁ» ብሎ ጠረጴዛ ላይ ከአፎቱ መምዘዙ ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን በክፍሉ ያለው ሰው ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው ብልጭ ያለውን ብረት ብቻ ነው። የተሰፋውን ከረጢት አቅርቡ፣ ርዕሰ መምህሩ በእጁ ይዞ ይሞክረው፤ ሊከፍተው አለመቻሉን በራሱ ጣት ሲያውቅ የፊቱ ገጽታ ሲለወጥ አይቻለሁ። ልጁም ይገኝ፤ በራሱ አንደበት ለምን እንደሚታጠቀው ይናገር። የሰፈር ፖሊስ ካልተጠራ አትጥሩ፤ ከተጠራም አትቆጡ፣ የተሰፋውን እሱም ይየው።

የስምምነቱ ወረቀት ላይ እነዚህ መኖራቸውን አረጋግጡ፦ ኪርፓኑ ከልብስ ሥር ተሰፍቶ ይውላል፤ የሚፈትሸው ማን እንደሆነ በሥራ መደቡ ይጠቀሳል፤ ፍተሻው በተዘጋ ክፍል፣ ሌላ ተማሪ በሌለበት፣ ልብስ ሳይወልቅ ይሆናል፤ ለሴት ልጅ ሴት ትፈትሻለች፤ ልጁ ለማንም አያሳይም፣ አያውስም፤ ከጠፋ ወዲያውኑ ለቢሮ ይነገራል፤ ስፌቱ ከላላ ቤተሰቡ ተጠርቶ ያጠብቃል እንጂ ልጁ አይባረርም። ይህን የመጨረሻ ሐረግ ትምህርት ቤቶች በራሳቸው አይጽፉትም። በዚያው የ2002 የሞንትሪያል ውሳኔ ደንቡን የጣሰ መብቱን ለዘለቄታው ያጣል የሚል ነበረበት፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ በጣም ከባድ ነው። ስፌት ሆን ብሎ መቅደድና ስፌት ማርጀት በወረቀቱ ላይ እንዲለዩ ጠይቁ።

ለስፖርት ክፍለ ጊዜ «አውልቆ ለመምህሩ ይስጥ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አትቀበሉት፤ ለሃይማኖቱ ብቻ አይደለም፣ ለደኅንነቱም አይበጅም። ከሰውነት ጋር የታሰረ ኪርፓን ማን ዘንድ እንዳለ ይታወቃል፤ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ግን ማንም ሊያነሳው የሚችል ዕቃ ሆኗል። ለሩጫና ለኳስ ማንገቻውን ወገብ ላይ በሰፊ የጨርቅ መታጠቂያ ማጥበቅ ይበቃል። ለትግል፣ ለጂምናስቲክና ለዋና አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። አንዳንድ ቤተሰቦች ለዋና በጣም ትንሽ የሆነችውን ኪርፓን በጨርቅ ጠቅልለው ወገብ ላይ ወይም ራስ ላይ ያስሩለታል። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ለብቻው የሚቀይርበት ቦታ ይሰጠው፤ የሌሎች ልጆች እጅ የሚበዛው እዚያ ነው።

የጉብኝት ቀን ሌላው መሰናክል ነው፤ የትምህርት ቤቱ ፈቃድ ከግቢው ውጭ አይሠራም። በካናዳ ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ ስለቱ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪርፓን በአገር ውስጥ በረራና ወደ ውጭ በሚሄዱ በረራዎች ይፈቀዳል፤ ወደ አሜሪካ በሚሄድ አውሮፕላን ግን አይፈቀድም፣ ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ መላክ አለበት። የኩቤክ ብሔራዊ ሸንጎ፣ ማለት የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት፣ ከ2011 ጀምሮ ኪርፓን አያስገባም። ስለዚህ የጉብኝት ፈቃድ ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የሚኬድበትን ቦታ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ልጁ በር ላይ፣ በጓደኞቹ ፊት እንዲወስን አይደረግ።

ከሁሉም በላይ ስምምነት የሚፈርሰው ግን ወረቀቱን ያላዩ ሰዎች ሲመጡ ነው፦ ተተኪ መምህር፣ አዲስ ጥበቃ፣ የአውቶቡስ ሹፌር። በሴፕቴምበር 2022 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና፣ ሻርሎት ባለው ዩኒቨርሲቲ አንድ ሲክ ተማሪ ስለ ኪርፓኑ ለፖሊስ ተጠቁሞበት እጁ በካቴና ሲታሰር የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን ዞሯል፤ ዩኒቨርሲቲው በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ተተኪ መምህር በሚያየው የክፍል ዝርዝር ላይ፣ ከልጁ ስም አጠገብ፣ የምግብ አለርጂ በሚጻፍበት ቦታ ላይ አንዲት መስመር ትጻፍ፦ «የሃይማኖት ስምምነት አለ፤ ጥያቄ ካለ ቢሮ ደውሉ።» ምን ዓይነት ስምምነት እንደሆነ በዝርዝር አይጻፍ፤ ዝርዝሩን ተማሪም ሊያየው ይችላል።

ሹፌር ወይም ጥበቃ ለሆናችሁ ወገኖቼ፦ ማንገቻ ካያችሁ ጨብጣችሁ አትሳቡ፣ ልጁን ልብሱን እንዲገልጥ አትጠይቁ፣ በሬዲዮ «ጩቤ» አትበሉ። ልጁን ከሌሎች ለየት አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ «ይህ የሃይማኖት ዕቃ ነው? ቢሮ ያውቃል?» በሉት፤ መልሱን ከቢሮ አረጋግጡ። ልጁም አንድ ዓረፍተ ነገር ተምሮ ይምጣ፦ «ኪርፓን ነው፣ ተሰፍቷል፣ ርዕሰ መምህሩ ያውቃሉ።» እጁን ወደ ጎኑ ሳይልክ እንዲናገረው ቤት ውስጥ አለማምዱት፤ እየጠቆመ የሚያስረዳ ልጅ ሊያወጣ የተዘጋጀ ይመስላል።

የሚፈሩ ወላጆችንም እሰማቸዋለሁ፤ ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። በሜይ 2021 በአውስትራሊያ፣ ሲድኒ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ በኪርፓን ተወግቶ፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት በትምህርት ቤቶች ኪርፓንን ለጊዜው ከለከለ። ከሲክ ማኅበረሰብ ጋር ተወያይቶ ግን በዚያው ዓመት ክልከላውን በአያያዝ መመሪያ ተካው። የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ይህ ሲነሳባችሁ አትሽሹ፤ ያልታሸገ ኪርፓን አደጋ ሊሆን እንደሚችል ተስማሙ፣ ስፌቱን የምንጠይቀውም ለዚህ ነው በሉ። በእንግሊዝ ለምትኖሩ፣ የ1988 የወንጀል ፍትሕ ሕግ ስለት መያዝን ሲከለክል የሃይማኖት ምክንያትን እንደ መከላከያ ይቀበላል፤ ለትምህርት ቤት ግቢም እንዲሁ። በሌላዋ የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛት በኩዊንስላንድ ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2023 ኪርፓንን ከትምህርት ቤት የከለከለውን የክፍለ ግዛቱን ድንጋጌ ከፌዴራሉ የዘር መድልዎ ሕግ ጋር ስለሚጋጭ ውድቅ አድርጎታል።

ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለስ? እምቢታውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ጠይቁ። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ በጊዜያዊ ስምምነት ክፍል እንዲቆይ በዚያው ቀን ጠይቁ፤ ቤት የዋለ ልጅ ትምህርቱን ያጣል፣ ትምህርት ቤቱም የሚያስቸኩለው ነገር አይኖርም። ከዚያ ወደ ቦርዱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ወደ ሰብአዊ መብት ፍርድ አካል ይኬዳል። በኦንታሪዮ ለፍርድ አካሉ ማመልከቻ የሚገባው ነገሩ ከደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው፤ በንግግር ብቻ ስትመላለሱ ይህ ቀን እንዳያልፍባችሁ። ቀኑን፣ የተነጋገራችሁትን ሰው የሥራ መደብና የተባለውን ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ «የተስማማነው ይህ ነው» የሚል አጭር ኢሜይል ላኩ።

ይኸው መንገድ ለኛ ልጆችም ይሠራል። የቴክኒክ መምህር ማተብ ማሽን ይይዘዋል ብሎ ካለ እውነቱን ነው፤ መልሱ ማሳጠር፣ አንገት ላይ ማጥበቅና ከካናቴራ ሥር ማድረግ ነው እንጂ መበጠስ አይደለም። ለሂጃብም በስፖርት ሰዓት መርፌ ቁልፍ የሌለው፣ ከአገጭ ሥር ጠበቅ ያለ የስፖርት ሂጃብ ይቅረብ። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን የሚጾም ልጅ በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ፣ ሩጫ ባለበት ቀንም ቀለል ያለ ሥራ እንዲሰጠው ጾሙ ከመግባቱ በፊት በደብዳቤ ይጠየቅ። ደብዳቤው ውስጥ የትምህርት ቤቱን ሥጋት ራሳችሁ ቀድማችሁ ጥቀሱ፣ መፍትሔውንም አብራችሁ አቅርቡ።

በመጨረሻም ወረቀቱ ከልጁ ጋር አይዛወርም። ከአንደኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲያልፍ፣ ርዕሰ መምህር ሲቀየር፣ ቤት ስትቀይሩ ስምምነቱ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። በጁን፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ የተፈረመበትን ቅጂ ከቢሮ ውሰዱ፤ ለአዲሱ ትምህርት ቤት ከሴፕቴምበር በፊት አቅርባችሁ አዲስ ፊርማ ተቀበሉ። ማንገቻውንም በልጁ አዲስ ቁመት ለክታችሁ፣ ክሩን ቀይራችሁ እንደገና ስፉት።